በድንገት ብዬ ጻፍኩ

የሕይወት ታሪኩን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ሌሊቱን ተጉዤ ስደርስ ሌላው ሁሉ ተከፋፍሎ ጠበቀኝ፤ አንዱ በስልክ ሰው ይጠራል፣ ሌላው ወረቀት ለማስፈረም ይሮጣል፣ ሁለት ሴቶች አክስቴን ግራና ቀኝ ይዘዋል። የቀረችው አንዲት ገጽ ነበረች። «ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። የአክስቴ ልጅ ነው፤ በአንድ ቤት አድገናል፤ እናቱን እንደ እሱ እማዬ ብዬ ነው የምጠራት። በሦስት ወር ይበልጠኛል፤ እነዚያን ሦስት ወራት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲያስከብራቸው ኖሯል።

ጓዳ ገብቼ በስልኬ መጻፍ ጀመርኩ። ልደቱን፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩ። «ትሑት» ብዬም ጻፍኩ፤ ትሑት አልነበረም። ክርክር ከተሸነፈ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቀስቅሶ «ቅድም ያልከው ግን ስህተት ነው» የሚል ሰው ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አማርኛ ለዚህ ቦታ ሰፍቶ ያስቀመጣቸው ሁለት ልብሶች አሉት። አንዱ «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» የሚለው ነው፤ ሌላው «በድንገት» ነው። ለሟቹ የሚሆነውን መርጦ ማልበስ የጸሐፊው ፋንታ ነው። የመጀመሪያውን ጻፍኩና አጠፋሁት። «ሲረዳ ቆይቶ» የሚለው ጋ ስደርስ አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። ማን ሲረዳው ቆይቶ? ሁለተኛውን ጻፍኩ፦ «በተወለደ በ33 ዓመቱ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።»

ተነበበ። ሰው አለቀሰ። ቃሏ ልክ አይደለችም ያለኝ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማዬ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ይዣት እሄዳለሁ፤ ስቆም ትጠፋለች፣ ስራመድ ትወጋኛለች። ይህንን የምጽፈው እሷን ለማውጣት ነው። ስለ እሱ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ቸኩሎ የተጻፈ ነበር፤ ይኸኛው አይቸኩልም።

መርፌው

10 ዓመት ሲሆነን በአንድ ሳምንት ሁለታችንም ጉሮሯችንን ታመምን። ቶንሲል ነው ተባለ። በአንድ አልጋ ተኝተን ምራቅ ሳንውጥ ብዙ የሚቆየው ማን እንደሆነ እንወራረድ ነበር። ሁለታችንም ዳንን። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የእሱ ጉልበት አበጠ። እማዬ ወድቆ ነው ብላ ተቆጣችው፤ አልወደቅኩም ብሎ ማለ። ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፣ ከዚያ ክርኑ። ሕመሙ ቤት እንደሚፈልግ ተከራይ ሰውነቱን አንድ በአንድ ሲያንኳኳ ሰነበተ። በመጨረሻ ያሰበውን ቤት አገኘ፤ ልቡን።

ስሙ ሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉሮሮን የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሰውነት እሱን ለመውጋት የሚያሰማራው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ ወዳጅና ጠላት ይምታታበትና የገዛ መገጣጠሚያውን፣ የገዛ ልቡን ይወጋል። ሐኪሞች ዘንድ የቆየ አባባል አለ፤ መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል ይላሉ። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢወስድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ሊገታ ይችል ነበር። እኔም አልወሰድኩም። ያው አልጋ፣ ያው ሳምንት፣ ያው ጉሮሮ። የእኔ ተነሥቶ ሄደ። ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ስፈልግ ብዙ ዓመት ፈጅቻለሁ፤ አሁን መጠየቁን ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ታዘዘለት። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይባላል፤ በዓመት 13 ጊዜ። ልቡ ያልተጎዳ ልጅ ካደገ በኋላ ሊያቆመው ይችላል፤ ቫልቩ የተነካ ግን እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዱም ዕድሜውን ሙሉ ይወጋል። የእሱ ተነክቶ ነበር። ማይትራል የሚባለው፣ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር ጠቦ ጠንክሯል። መርፌው ያንን አይጠግንም። ሌላ የጉሮሮ ሕመም መጥቶ ሌላ ንክሻ እንዳይጨምር በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። ዘበኛ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር አይሆንም፤ ምንም ነገር ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሰው ዘበኛ ለምን እንደሚቀጥር ይረሳል።

የተወጋ ሰው ያውቀዋል። ወተት የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ሲስተር ጠርሙሷን በሁለት መዳፎቿ መሀል አድርጋ ወዲያ ወዲህ ታንከባልላታለች፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ሕመሙ ይብሳል። መርፌው ሰፊ ነው፤ ፈሳሹ መሀል ላይ ከቆመ መርፌው ውስጥ ይደፍናል፣ ስለዚህ ሳይፈጥኑ ሳይቆሙ መግፋት ነው። የሚወጋው መቀመጫ ላይ፣ ጡንቻው ውስጥ ጠልቆ ነው። አዋቂ ሰው ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። ለልጅ ግን ያ ጊዜ የሚያልቅ አይመስልም።

በሁለተኛው ወር አልሄድም ብሎ አልጋ ሥር ገባ። እማዬ እየለመነችም እየዛተችም አልወጣ አለ። እኔ ወለሉ ላይ ተጋድሜ አንገቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩና «ከሄድክ የአህያውን እነግርሃለሁ» አልኩት።

«የትኛውን አህያ?»

አላውቅም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ አህያ ነው።

እንዲህ ሆነ። ዳኛ የጠፋበት አንድ አገር አለ። ሰዎቹ ተሰብስበው የማይዋሽና የማይቸኩል ማንን እንሹም ሲባባሉ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው አህያውን አመለከቱ። አህያው ተሾመ። ግራ ጆሮው ከተነሣ ከሳሽ ረታ ማለት ነው፤ ቀኙ ከተነሣ ተከሳሽ። ሁለቱም አንድ ላይ ከተነሡ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይቀጠራል። ሁልጊዜ ይቀጠር ነበር፤ ምክንያቱም ሲስተር መርፌውን ስትነቅል ታሪኩም መቆም ነበረበት፣ ፍርድ ከሰጠሁ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አልጋ ሥር መግባቱ ነው። መንገድ ላይ እያነከሰ «የቀረውን ንገረኝ» ሲለኝ፣ እኔም አብሬው እያነከስኩ «መርፌው አልቋል» እለዋለሁ። ይህቺ ቃል ሕግ ሆነች። መርፌው ካለቀ አህያው አንድ ቃል አይተነፍስም።

ይህ 19 ዓመት ቀጠለ። በዓመት 13 ጊዜ። ከ200 በላይ ክፍል ነግሬዋለሁ ማለት ነው፤ ስንቱን እንደማስታውስ ብትጠይቁኝ ግን ከ20 አላልፍም። ጢም አውጥተን፣ ሁለታችንም ሥራ ይዘን፣ እሱ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ እኔ ጆሮው ሥር ቁጢጥ ብዬ ስለ አህያ ሳንሾካሹክ የነበረውን ያየ ሰው ምን ይል እንደነበር እንጃ። አንዲት ሲስተር ግን አንድ ቀን መርፌውን ይዛ ቆማ «ቆይ፣ ፍየሏ ምን መለሰች?» ያለችኝን አልረሳም።

ስልኩ

በ30 ዓመቴ ሥራ ለውጬ ሌላ ከተማ ሄድኩ። አህያውን በስልክ ይዤው ሄድኩ። በቀጠሮው ቀን እደውላለሁ፣ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይወጋል። ይህም ሠርቶ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ስብሰባ ላይ ዋልኩ፤ ማታ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ «ችግር የለም፣ ተወግቻለሁ» አለኝ። በሌላ ወር ረሳሁ። እሱም አላስታወሰኝም። ብዙ ነገር የሚያበቃው እንዲህ ነው፤ የተጣላ የለም፣ በር ያጋጨ የለም። በስልክ የነገርኩት የመጨረሻው ክፍል የትኛው እንደነበር እንኳ አላውቅም። የመጨረሻው መሆኑን ባውቅ ኖሮ አስብበት ነበር፣ ወይም ቢያንስ አንድ ጆሮ አነሣ ነበር።

ከመሞቱ አራት ወር በፊት ሊጠይቀኝ መጣ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በደረጃ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ጎንበስ አለና የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። እኔ ሁለት ደረጃ ቀድሜ ቆሜ ስለ ሥራዬ እያወራሁ ነበር። እጆቹ ጫማው ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። እግር ውስጥ ተሰክቶ የሚወጣ ዓይነት ነው። አየሁት። ወሬዬን አላቋረጥኩም።

ማታ ሦስት ትራስ ጠየቀኝ። «ንጉሥ ሆኛለሁ፣ ተደግፌ ነው የምተኛው» አለ። ሳቅን። ጠፍጣፋ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረጃ ላይ መቆም፣ እነዚህ የጠበበ ቫልቭ ያለው ሰው ልብ መድከሙን የሚናገርባቸው ቃላት ናቸው። ያን ጊዜ ቃላቱን አላውቃቸውም ነበር ብል ግማሽ ውሸት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደብቆ ያለመታየት ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው ስለ ሥራው ያወራል።

ካርዱ

ከቀብሩ በኋላ አምስተኛው ሳምንት ላይ ዕቃውን ለማስተካከል ከእማዬ ጋር ክፍሉ ገባን። እሷ ልብሱን እያጣጠፈች ትደረድራለች፤ እኔ ወረቀት እለያለሁ፤ የሚጣለውን፣ የሚቀመጠውን፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚመለሰውን። መሳቢያው ውስጥ፣ ከሞቱ ባትሪዎችና ምንም ከማይከፍቱ ቁልፎች ሥር፣ የመርፌ ካርዱ ነበር። ስንተኛው ካርድ እንደሆነ አላውቅም፤ በየጊዜው ሲሞላ ይቀየርለት ነበር። ወፍራም ወረቀት ነው፣ አራት ቦታ ታጥፏል፣ አንዱ እጥፋት ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በየሳጥኑ ቀን፣ ፊርማና ሰማያዊ ማኅተም አለ። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። አንድ ቦታ ላይ ማኅተሙ ቆመ። ቀኖቹ ግን አልቆሙም። በእሱ የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ በየአራት ሳምንቱ እየተቆጠሩ ተጽፈዋል። ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም። ቆጠርኩ። 15 ሳጥን። 60 ሳምንት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የጓዳዋን ገጽ አሰብኳት። «በድንገት» ያልኩት ነገር እዚህ 15 ጊዜ ቀን ተቆርጦለታል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ካርዱን ኪሴ መክተት ነው። እናት ይህንን ማየት የለባትም ብዬ ይመስለኛል፤ ወይም ማንም ማየት የለበትም ብዬ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም፣ የድሮ ወረቀት ነው እማዬ።»

«አምጣው።»

ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ እኔው በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ማኅተሙ የቆመበት ጋ ስትደርስ ጣቷም ቆመ። ልቤ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለች። «ማኅተም መምታቱን ረስተውት ነው። ሄዷል እኮ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንዴት አላውቅም? ተወግቶ ሲመለስ በእኔ በኩል ያልፍ የለም? እያነከሰ ይመጣና፣ ያቺ ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ የአህያውን ይነግረኛል።»

«የትኛውን የአህያውን?»

«አንተ በስልክ የምትነግረውን ነዋ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አስታውሳለሁ። አልጋው ላይ የተደረደሩት ሸሚዞች ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ የእኔ ናቸው፣ ከስንት ዓመት በፊት ተውሶ ያልመለሳቸው። መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበረች። ዝም ማለት እችል ነበር። እስከ አሁንም ዝም ብል ይሻል ነበር የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ መደወል ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አልኳት።

ካርዱን አየች። እኔን አየች። ወንበሯን አየች። ከዚያ ከአፍንጫዋ ትንፋሽ ወጣ፣ ከትንፋሹ ኋላ ድምፅ፣ ከድምፁ ኋላ ሳቅ። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። «ይሄ ቀጣፊ!» አለች። «ይሄ ቀጣፊ! ማነከሱንስ? ያ ሁሉ ማነከስ?» ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ የት ላይ እንደዞረ መለየት አልቻልኩም።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «በለጋነቱ ተቀጠፈ» ሲል ሰንብቷል። ግሡ አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው።

የአህያው ችሎት

ተናደድኩ። ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሚመልስልህ የለም፣ አንተው ከሳሽ አንተው ጠበቃ ሆነህ ታድራለህ። ወደ መርፌው እንዲወስደው ብዬ በልጅነቴ የጠረግኩት መንገድ መርፌውን ማለፊያ ሆኖለታል። በየወሩ አዲስ ክፍል ፈጥሮ፣ ምናልባትም መንገድ ላይ እየተለማመደ፣ በር ላይ ሲደርስ ማነከስ ጀምሮ። እንዴት ያለ ሥራ ነው! መወጋቱ ራሱ ይቀለው ነበር።

ለምን እንደተወው ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። አዲስ መሥሪያ ቤት ገብቶ ነበር፤ በየአራት ሳምንቱ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሲጠይቅም ስለ ልቡ ማስረዳት ሊያሳፍረው ይችላል። 20 ዓመት የተወጋ ሰው ደግሞ ይሰለቻል። ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፤ ዘበኛው ስለቆመ ሌባ የሌለ ይመስለዋል። ወይም ደግሞ ብቻውን መተኛቱ ነው፤ ጆሮው ሥር ማንም የሌለበት ጠረጴዛ። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ጊዜ አንሥቼ አስቀምጬአለሁ። ትልቅ ቦታ ስለምትሰጠኝ እጠረጥራታለሁ። የእሱን ልብ የሚያክል ነገር በእኔ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብሎ ማሰብ ጸጸት ይመስላል እንጂ ትዕቢትም አለበት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ያን ሰሞን ማንበብ ጀመርኩ። ሌሊት ሌሊት። መርፌው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ከእማዬ በዕድሜ ይበልጣል፤ ውድ መድኃኒት አይደለም። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፤ የሚበዛው የድሃ አገር ሰው ነው፣ ብዙውም በጉብዝናው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ በሽታው የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። ጉባኤው ሲያጸድቅ እኛ ሁለት ጎረምሶች አንድ መርፌ ክፍል ውስጥ ስለ አህያ እናወራ ነበር። የእኛን ጉዳይ ይህን ያህል ሰው እንደሚጋራው አናውቅም ነበር። ብናውቅም ኖሮ መሳቃችን አይቀርም።

አንድ የልብ ሐኪም ዘንድም ሄድኩ። ካርዱን ይዤ ነው የሄድኩት። ረጋ ብለው አስረዱኝ። ቫልቩ ሲጠብ ከበስተኋላው ያለው የልብ ክፍል ደም እየታቆረበት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ አመታቱ ሥርዓት ያጣል፤ ሥርዓት ባጣ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር ይደፍናል። ስትሮክ የሚባለው ይህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ፣ በሦስተኛው ቀን ያረፈው በዚህ ነው።

«ይህንን መርፌውን ቢወጋ ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ካርዱን መልሰው አጠፉት። «መርፌው የጠበበውን አያሰፋም» አሉኝ። «ባያቋርጥም ይህ ሊደርስበት ይችል ነበር። በሌላ በኩል በየወሩ ቢመጣ ኖሮ የልቡን አመታት የሚያዳምጥ ሰው ያገኝ ነበር፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይጀመርለት ነበር፤ ቫልቩንም በጊዜ ማስፋት ወይም መቀየር ይቻል ነበር። ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ላይተርፍም ይችል ነበር።»

ሁለቱም ጆሮዎች አንድ ላይ ተነሡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለመሳቅ የቀረብኩበትና ያልሳቅኩበት ጊዜ የለም። 19 ዓመት ሙሉ ስቀጥረው የኖርኩት ፍርድ ዞሮ መጣ፤ ዳኛውም አልቸኮለም፣ አልዋሸምም።

ዘመድ ሲያጽናና «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ያው ሰው፣ በዚያው ቁጭታ፣ «ምነው ያለ ቀኑ!» ይላል። ድሮ ይህ ያስቀኝ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ሁለት ተቃራኒ ነገር መናገራቸውን አይሰሙም እንዴ እል ነበር። አሁን እንደሚሰሙ አምናለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ማደር ስለማይቻል ነው ሁለቱንም የሚሉት። «ቀኑ ደርሶ» የሚለውን ይዤ ስተኛ ደረጃው ላይ የቆምኩት እኔ እጠፋለሁ። «ያለ ቀኑ» የሚለውን ይዤ ስተኛ ደግሞ ከእኔ በስተቀር ሌላ ነገር የለም፤ እሱም ራሱ ይጠፋል። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። የእሱ አሟሟት 15 ሳጥን ይዞ ነው የመጣው። እሱ ራሱ ግን ሳጥኖቹን አልነበረም። ሸሚዝ የማይመልስ፣ ሌሊት ቀስቅሶ የሚከራከር፣ እናቱን ለማስደሰት የሚያነክስ ሰው ነበር። ምናልባት ክፍሎቹን የፈጠረው እሷን ለማታለል ብቻ አልነበረም። አህያው ደስ ይለው ነበር።

«በድንገት» የምትለዋን ከስልኬ ላይ ከፍቼ ለማረም ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ሌላኛው ልብስ አሁንም አይሆነውም፤ «በሕክምና ሲረዳ» አልቆየም። ለእሱ ልክ የተሰፋ ቃል አላገኘሁም። ገጹን እንደነበረ ትቼዋለሁ፤ «ትሑት» የምትለዋን ብቻ አጥፍቻለሁ። እሱ ቢያያት ኖሮ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ጥላው

ባለፈው ወር እማዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። ተጫወትን፣ ዝም አልን። ስነሣ «ቁጭ በል» አለችኝ። መነጽሯን አደረገች፤ ለምን እንዳደረገችው አልገባኝም፣ የሚነበብ ነገር አልያዘችም።

«አንድ ሰው ጥላውን ከሰሰ» አለች።

«ምን?»

«የአህያውን ነው የምልህ። አንድ ሰው ጥላውን ከሰሰ። ጠዋት አብሮኝ ይወጣል፣ ማታም አብሮኝ ይገባል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው ግን የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ከሰሰ። ጥላው ችሎት ቀረበ። አልሄድኩም ጌታዬ አለ። እኩለ ቀን ላይ እግሩ ሥር ነው የምገባው፤ እሱ ወደ ታች ስለማያይ ነው አለ።»

እማዬ ድምፅ ትቀያይር ነበር። የጥላውን ድምፅ አሳንሳ፣ የሰውየውን አጎልታ። እጆቿን ከጭንቅላቷ ጎንና ጎን አድርጋ አህያውን ሆነች። ይህንን ያስተማራት እሱ መሆን አለበት፤ እኔ በእጄ ጆሮ ሠርቼ አላውቅም፣ መርፌ ክፍል ውስጥ እጄን እሱ ነበር የሚይዘው። አረፍተ ነገሮቹም የእኔ አይደሉም። እኔ ፍየልና በግ፣ ሌባና ባለሱቅ ነበር የማጣላው፤ ሰውና ጥላ ማጣላት አይመጣልኝም። ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ሦስት ወር የሚበልጠኝ ሰው ያንንም ሳይነግረኝ አይቀርም ነበር፣ ጊዜ ቢያገኝ።

«ከዚያ አህያው አሰበ፣ አሰበ» አለች እማዬ። ግራ እጇን ቀስ አድርጋ ከፍ አደረገች። ግማሽ ላይ አቆመችው። ቀኝ እጇም መነሣት ጀመረ።

«ስንተኛው ክፍል ነው?» አልኳት።

«የመጀመሪያው። አሥራ አራት ይቀራል።»

«የዚህኛው የቀረውስ? ማን ረታ?»

መነጽሯን አውልቃ ማኅደሩ ውስጥ ከተተች።

«መርፌው አልቋል» አለችኝ።